የፌንጣ አልጋ

«ትንሽ ክስት በይልኝ» አላት ጋዜጠኛው።

ጠቅላይ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ ቀና ብላ አየችው። «ሰው በአንድ ደቂቃ እንዴት ነው የሚከሳው?»

«ጉንጭሽን ወደ ውስጥ ሳቢው! አዎ፣ እንደሱ። አሪፍ!»

«አሁን ደግሞ ዓሣ መሰለች» አለ ካሜራማኑ ከመስኮቱ በኩል።

የተኛችው በታናሽ ወንድሟ አልጋ ላይ ነው። ልጁን ሰፈሩ ሁሉ «ፌንጣ» ነበር የሚለው፤ ደረጃ መውረድ አያውቅም፣ ይዘለዋል፤ በር ላይ ሲደርስ አይገባም፣ ይወረወራል። እሷን «ጠቅላይ» ያላትም እሱ ነው፣ ትእዛዝ ስለምታበዛበት። ጉሮሮውን ደጋግሞ ያመው ነበር። ቤተሰቡም «ብርድ ነው» እያለ በትኩስ ሻይ ሸኘው። ሕመሙ ግን ውሎ አድሮ ልቡ ላይ ወጣ። ሐኪሙ «በጊዜው ታክሞ ቢሆን...» ብሎ ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው። ያ ዘላይ ልጅ በመጨረሻ ከአልጋው እስከ መስኮቱ መሄድ አቃተው። አምና ሞተ። ከዚያ ወዲህ እዚህ አልጋ ላይ ማንም ተኝቶ አያውቅም።

እናታቸው ልብስ ሰፊ ናት። ልጇን ከቀበረች በኋላ የስፌት መኪናዋን ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ፣ ከአንዲት ነርስና ከአንድ ጡረተኛ መምህር ጋር ትንሽ ማኅበር አቋቋመች። የማኅበሩ ሀብት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማኅተምና «ልጅዎ ጉሮሮዬን አመመኝ ሲል ቸል አይበሉ» የሚል የወረቀት ክምር ነው። ወረቀቱን ሰው በሁለት እጁ ይቀበላታል፤ መንገዱ እንደታጠፈ ይጥለዋል። ስለዚህ የቴሌቪዥን ጣቢያ ደጅ መጥናት ጀመረች።

«የምን ጉዳይ ነው?» አላት አዘጋጁ።

«ልጆች እየሞቱ ነው።»

«ዛሬ?»

«የኔው ልጅ፣ አምና።»

«አምናማ ታሪክ ነው እናቴ። እኛ ዜና ነን።»

ወራት ደጅ ጠንታ በሩ የተከፈተላት አንድ እንግዳ ዘፋኝ ከፕሮግራሙ ስለቀረ ነው። ጉሮሮውን አሞት። ባመመው ዕለት ሐኪም ቤት እንደወሰዱት ስትሰማ፣ «እሱስ ሰው አለው» አለች።

ጋዜጠኛው እንደመጣ ግድግዳው ላይ ያለውን የፌንጣን ፎቶ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ፎቶ አይተነፍስም። ተመልካች የሚያዝነው ለሚተነፍስ ሰው ነው። ልጅቷ ትተኛልን፤ ፊቷን እናደበዝዘዋለን። ከምስሉ ሥር 'ታማሚዋ' ብለን እንጽፋለን፣ ጣጣ የለውም።»

«ውሸት አይሆንም?» አለች እናት።

«በሽታው እውነት ነው አይደል? እኛ ታማሚ ብቻ ነው የተዋስነው።»

እናት ልጇን አየቻት። «ፊትሽ አይታይም እኮ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንዲት እናት ብትሰማኝ...»

ጠቅላይ ጫማዋን አወለቀች። አምና ትምህርት ቤት ሁሉም ሲያያት ከንፈሩን እየመጠጠ፣ ያልጠየቀችውን ደብተር ሲያውሳት ነው የከረመው። ዘንድሮ አዲስ ክፍል ስትገባ ስለ ፌንጣ ትንፍሽ አላለችም። ፊቷ ካልታየ ምን ቸገራት?

መብራቱ በራ። «እናት አጠገቧ ይቀመጡ። ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ ያብሱላት። ልክ እንደ እውነቱ!»

መጀመሪያ እናቷ ካሜራውን በዓይኗ ጫፍ እየሰረቀች፣ ጠረጴዛ እንደምትወለውል ነበር ያበሰቻት። ከዚያ እጇ ዝግ አለ። ጨርቁ ከግንባሯ ወደ ጆሮዋ ጀርባ ወረደ፣ ከዚያ ወደ አንገቷ። እጇ መንገዱን ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን የጠቅላይን አንገት አይደለም።

«ትንሽ ብቻ ቻለው፣ ፌንጣዬ» አለች እናት። «ይኸው፣ ቀዘቀዘልህ። ነገ ትነሳለህ።»

ጋዜጠኛው አፉን በእጁ ያዘ። «እንዳታቆም!» አለው ካሜራማኑን በሹክሹክታ። «ወርቅ ነው፣ ወርቅ!» ካሜራማኑ ግን ዓይኑን ከካሜራው ላይ አንስቶ ወለሉን ያይ ጀመር።

ጠቅላይ ብርድ ልብሱ ሥር ጣቶቿን ጨበጠች። ዝም ብትል ማታ አገር ያያል፤ የእናቷ ልፋትም ፍሬ ያፈራል። ዝም ብትል ግን እናቷ ፌንጣ ገና ባልሞተበት ሌሊት ውስጥ ትቀራለች። ከሁሉም የባሰው ደግሞ፣ የእጇ ዳበሳ ደስ ይል ነበር። ከአምና ወዲህ እናቷ እንዲህ ዳስሳት አታውቅም።

«እማ» አለች።

የእናቷ እጅ አላቆመም።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

ጨርቁ አየር ላይ ቀረ። እናቷ ጨርቁን አየች፣ ልጇን አየች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ኧረ ምን ነካሽ!» ጮኸ ጋዜጠኛው። «ስንት ዓመት የማይገኝ ነገር አበላሸሽው!»

«አጥፉት» አለች ጠቅላይ።

«ምኑን?»

«የቀዳችሁትን። ይሄ ለእናንተ አይደለም፣ ለፌንጣ የተባለ ነው።»

«ከዚህ ሌላ ምን አለኝ? ባዶ እጄን ከተመለስኩ ማታ ዘፋኙ አምና የዘፈነውን ነው የምንደግመው!»

ካሜራማኑ አንድ ቁልፍ ተጫነ፣ ቀጥሎ ሌላ። «ጠፍቷል» አለ፣ ማንንም ሳያይ።

እናቷ በጨርቁ ዓይኗን አበሰች። ጠቅላይ ተነስታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ነገ የክፍሏን በር ስትከፍት የሚቀበላትን ዝምታ አሰበችው። ከንፈር መጠጣው፣ ሹክሹክታው፣ ደብተሩ፣ ሁሉም እንደገና ሊጀምር ነው።

«ፊቴን ቅረጹት» አለች። «እኔ እናገራለሁ።»

«አንቺ? አንቺ እኮ ስትታዪ ጤነኛ ነሽ።»

«አዎ፣ ጤነኛ ነኝ።»

ጋዜጠኛው ሰዓቱን አየ። በረጅሙ ተነፈሰና ስክሪብቶውን አወጣ። «እሺ። ከሥሩ ምን ብለን እንጻፍ?»

እናቷ ከግድግዳው ዞረች።

«እህቱ በሉ» አለች ጠቅላይ።