የታጠበው ማጠጫ

አንድ ወጣት የጠወለገ የቲማቲም ተክል በጃኬቱ ጠቅልሎ፣ እንደታመመ ልጅ አቅፎ ወደ ላቦራቶሪው ገባ።

«ዶክተሩ የሉም?»

«እኔ ነኝ።»

ትክ ብሎ አያት። ከሩቅ አገር ተምራ ከተመለሰች ወዲህ ሰው ሁሉ እንዲህ ያያታል። ግድ አልሰጣትም። ከተመለሰች ወዲህ ግድ የሚሰጣት ነገር አልነበረም፤ የእናቷ እቅፍ እንኳን ከልብሷ አልፎ አልገባም።

ግንዱን ቆርጣ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ አንጠለጠለችው። ከተቆረጠው ጫፍ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ቀስ እያለ ወረደ።

«ምንድን ነው?»

«በሽታው። አፈሩ ውስጥ ነው ያለው።»

«አባባ አዲሱ ችግኝም ከደረቀ ግሪን ሃውሱን አፍርሼ እሸጠዋለሁ ብሏል። ሌላ ሥራ የለንም።»

ጠረጴዛዋ ላይ ባለው ጠርሙስ ውስጥ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ነበሩ፤ ሥሩን ቀድመው ይዘው ገዳዩን ጀርም ቦታ የሚነፍጉ። ይህን ማስረዳት ሰለቻትና አንድ ቃል መረጠች።

«መድኃኒት አለኝ።»

እሷም በልቧ ወስናለች፤ ይህ ካልሠራ ወደ መጣችበት አገር ትመለሳለች።

ጠዋት ጠዋት ጠርሙሷን ይዛ ወደ ግሪን ሃውሱ ትሄዳለች። እሱ ውሃ ይቀዳል፤ እሷ በማጠጫው ውስጥ በጥብጣ ችግኞቹ ሥር ታፈሳለች።

«ዶክተርዬ፣ ዛሬም አልሳቅሽም።»

«የሚያስቅ ነገር አልተናገርክም።»

«መልኬ አይበቃም?»

አባትየው ከበሩ ላይ ሳል ቢጤ አሰሙ። «ይሄ ልጅ ውሃ የሚያመላልሰው ለቲማቲሙ ነው ወይስ...» ብለው ሳይጨርሱ ሄዱ። እሱ አንገቱን ደፋ። እሷ እጆቹን ስታያቸው ቆየች፤ የተሰማት ነገር ግን አልነበረም። ወይም እንደሌለ ገመተች።

አንድ ቀን ቀትር ላይ የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ጠውልገው ተንጠለጠሉ። በማግስቱ የችግኙ ግማሽ ተራ ወደቀ። ጠርሙሱን መረመረች፤ ባክቴሪያዎቹ ደህና ናቸው። ባዶውን ማጠጫ አንስታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ይሄ ምን ይሸታል?»

«በረኪና ነዋ። ማታ ማታ አጥብልሻለሁ። እስከ ጠዋት ንጹህ እንዲሆን ትንሽ እተውበታለሁ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «እጅሽን በሽታው እንዳይነካብሽ ብዬ ነው።»

«ገድለሃቸዋል።»

«ማንን?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረችው። ሳጥን ላይ ቁጭ አለ።

«ሕይወት ያለው ነገር ነው አላልሽኝም እኮ። መድኃኒት አልሽኝ፤ አመንኩሽ።»

የያዘችውን ማጠጫ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

አባትየው ገብተው የወደቀውን ተራ አዩ። «አለቀለት?»

«እኔ ነኝ አባባ። የሷን ማጠጫ በበረኪና አጥቤ።»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ፤ ቀጥሎ እሷን። «የገዛ ሳህኑን አጥቦ የማያውቅ ልጅ!» ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሉ አንድ ጊዜ ድገሙት። አንተ ግን ሁለተኛ ዕቃ እንዳትነካ።»

ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ትእዛዙን ረስቶ ማጠጫውን በዝናብ ውሃ ደጋግሞ አለቀለቀ። ከዚያ አፍንጫዋ ሥር ያዘላት።

«ይሸታል?»

«አይሸትም።»

«ሌላስ... ሕይወት እያለው ያልነገርሽኝ ነገር አለ?»

በግሪን ሃውሱ የፕላስቲክ ጣሪያ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ይንጠባጠባል።

«ያለ ይመስለኛል» አለች በመጨረሻ። «ግን ደንዝዟል።»

«እሱን በረኪና አላስነካውም።»

ፈገግታዋ ከውስጥ ተነስቶ ከንፈሯ ሳይደርስ ቀረ። እሱ አላጣደፋትም። ማጠጫውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጠርሙሷን እስክትከፍት ጠበቃት።