ምንጭ፦ አያቴ

«መንገድ ሻጮቹ መጡ፤ ኪሳችሁን ያዝ ያዝ አድርጉ» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ ጎረምሳ፣ ከታችኛው መንደር የመጡት ተማሪዎች ከአውቶቡስ ወርደው ወደ ክፍል ሲገቡ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሌላው ደግሞ ተቀብሎ «ጨው ይዛችሁልን መጣችሁ?» አላቸው። ሳቁ ባሰበት።

ጭራሮ አልሳቀችም። አንገቷን ደፍታ እርሳሷን መቅረጽ ጀመረች፤ እርሳሱ ግን ጠዋት ቤት ተቀርጾ የመጣ ነበር።

ድምቡሼ እንደ ወትሮዋ አጠገቧ ትቀመጣለች ብላ ስትጠብቅ፣ ልጅቷ ቀና ብላም ሳታያት አልፋ መስኮቱ ሥር ካለው ባዶ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጣለች። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋሩ ጓደኛሞች ናቸው። አንዷ ቀጭን ስለሆነች ጭራሮ፣ ሌላዋ ጉንጫም ስለሆነች ድምቡሼ የሚል ስም ወጥቶላቸው፣ አስተማሪዎቹ ሳይቀሩ የሚጠሯቸው በዚሁ ነው። አሁን በመሃላቸው የክፍሉ ግማሽ ሰው ተቀምጧል። ሰበቡ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው፣ ጭራሮ በገዛ እጇ የጻፈችው ባለ ሁለት ገጽ ታሪክ ነው።

ነገሩን የጀመረው የጂኦግራፊ አስተማሪው ነው ማለት ይቻላል፤ በእሱ ማላከክ እንደማያዋጣት ግን ጭራሮም ታውቃለች። ተማሪዎቹ ኮምፓስ ይሉታል። «ሰሜን» ባለ ቁጥር እጁን ዘርግቶ መላ ሰውነቱን ያዞራላ። በዚህ ዓመት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የግዛቱን ሞዴል እንዲሠሩ አደረገ። ተራሮቹ ከአሮጌ ጋዜጣ፣ ከሙጫና ከጄሶ ተሠሩ። ወንዞቹ ሰማያዊ ክር ሆኑ፤ ግዛቱን ከሜዳው አገር የሚያገናኘው ብቸኛ አውራ ጎዳና ደግሞ ጥቁር የጫማ ማሰሪያ ሆነ።

«ተራራ ድንጋይ ብቻ አይደለም» ይል ነበር ኮምፓስ። «ማን የት እንደሰፈረ፣ ማን ከማን እንደተጋባ፣ ማን በማን ላይ እንዳኮረፈ የወሰነልን እሱ ነው። አያቶቻችሁን ጠይቁ።»

እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቦታ ተሰጠው፤ ስለዚያ ቦታ ከሽማግሌ ሰምቶ ሁለት ገጽ ይጽፋል። ከሁሉ የበለጠው ታሪክ በወላጆች ቀን ይነበባል፣ ጸሐፊውም በግዛቱ ዋና ከተማ ወደሚደረገው ኤግዚቢሽን ይሄዳል። ሆቴል ያድራል። በሊፍት ይወጣል፣ ይወርዳል። ጭራሮ ከተራሮቹ ወጥታ አታውቅም፤ ሊፍቱ ብቻውን እንቅልፍ ነሳት።

የደረሳት ቦታ ከታችኛው መንደር በላይ ያለው የተራራ ማለፊያ ነው። እዚያ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ሰው የሚያህሉ የድንጋይ ካቦች ተሰልፈው ቆመዋል። ማን እንደካባቸው ለማወቅ አያቷን ጠየቀች። አያቷ፣ የእናቷ አባት፣ ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ ጨርሰው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከእነሱ ጋር ነው የሚኖሩት።

«አውራ ጎዳናው ሳይመጣ በፊት ወደ ሜዳው አገር የሚወርደው ሁሉ በዚያ ነበር የሚያልፈው» አሏት። «ጉም ሲወርድ የገዛ እጅሽን አታዪም። ስንቱ ገደል ገባ መሰለሽ። ኋላ የታችኛው መንደር ሰዎች ድንጋይ ተሸክመው ወጡና ካቡ፤ አንዱ ካብ ጋ ስትደርሺ ቀጣዩ እንዲታይሽ አድርገው። ልብስ ሰፊው ወዳጄን ታውቂው የለ? ሥራውን የመሩት የእሱ አባት ናቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ገደል የሚገባ ሰው ቀረ።»

«በቃ?»

«ምን እንዲሆን ፈልገሽ ነበር?» ብለው ሳቁባት።

ሲጻፍ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። ጦርነት የለበት፣ ከሃዲ የለበት። ጭራሮ እስክሪብቶዋን እያኘከች ትንሽ ቆየችና ቅመም ጨመረችበት። ድሮ የሜዳው ጦር ግዛቱን ሊወር መጣ፣ ጉሙ ግን መንገዱን ሸፍኖት ነበር ብላ ጻፈች። ከታችኛው መንደር አንድ ሰው ለአንድ ከረጢት ጨው ብሎ ጦሩን መርቶ አሳለፈ፣ ድንጋዮቹም በዚያ ቀን ያለቁት ሰዎች መቃብር ናቸው አለች። ውሸቱ እውነት እንዲመስል ደግሞ ሰውየው «ከመንደሩ ጫፍ፣ ለማለፊያው ከሁሉ ቅርብ ከሆነው ቤት የወጣ» መሆኑን ጨመረች። በመጨረሻም አስተማሪው ባዘዘው መሠረት «ምንጭ፦ አያቴ» ብላ ዘጋችው። አንደኛ ወጣች። ጎረምሶቹ «አሪፍ ነው፣ ፊልም ይወጣዋል» አሏት፤ እሷም አላፈረችም፣ ደስ አላት።

ዓይኗ የተገለጠው ድምቡሼ ግድግዳው ሥር ቆማ አንብባ ስትጨርስ ነው።

«የመጨረሻው ቤት የኛ እኮ ነው» አለቻት ድምቡሼ ቀስ ብላ። «አያትሽ ስለኛ እንዲህ ነው የሚሉት?»

ያን ጊዜ «አይደለም፣ እኔ ፈጥሬው ነው» ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። ጭራሮ ግን ሊፍቱ ትዝ አላት፤ ኮምፓስ በክፍሉ ፊት ያጨበጨበላት ትዝ አላት። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ የነገሩኝን ነው የጻፍኩት» አለች። ይህን ብላ ራሷ ደነገጠች። የመጀመሪያው ውሸት የማታውቃቸውን ሙታን ነበር ያማው፤ ይኼኛው ቤታቸው በረንዳ ላይ የተቀመጡትን አያቷን ነው።

ምክንያቱም ድምቡሼ የልብስ ሰፊው የልጅ ልጅ ናት፤ የመንደሩ ጫፍ ቤትም የልብስ ሰፊው አባት ቤት የነበረ ነው። ልብስ ሰፊውና የጭራሮ አያት ደግሞ በወጣትነታቸው አውራ ጎዳናውን አብረው የቆፈሩ፣ በአንድ ድንኳን ያደሩ ወዳጆች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ሰፊው ከታችኛው መንደር በአውቶቡስ እየመጡ በረንዳው ላይ ዳማ ይጫወታሉ። ይጫወታሉ ከማለት ይጨቃጨቃሉ ማለት ይሻላል። አንዱ «ጠጠሬን ሰረቅከኝ» ይላል፤ ሌላው «ድሮም ዓይንህ ጠፍቷል» ብሎ ይመልሳል። ሲጨቃጨቁ ውለው ማታ አያቷ ወዳጃቸውን እስከ ፌርማታው ይሸኛሉ።

ያን ቅዳሜ ልብስ ሰፊው አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም። አያቷ የራሳቸውንም የወዳጃቸውንም ጠጠር ደርድረው፣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር አንገታቸውን እያሰገጉ ይውላሉ።

«አሞት ይሆን?» አሉና በአውቶቡሱ ሾፌር በኩል ሰላምታ ላኩ። ሾፌሩ ሲመለስ ማጅራቱን እያከከ፣ «አባቴ፣ እሳቸውስ ደህና ናቸው» አላቸው። «ግን ከእንግዲህ የሱን ሰላምታ እንዳታመጣብኝ ነው ያሉኝ።»

አያቷ የዚያን ዕለት ምሳ አልበሉም።

«ምን ብዬው ይሆን?» አሉ ሳህናቸውን ገፋ አድርገው። «ባለፈው ዓይንህ ጠፍቷል ብዬዋለሁ። በዚያ ይሆን? እሱን እንኳ ሁልጊዜ እለዋለሁ። ሰው ሲያረጅ አፉ አያርፍም ልጄ። የሆነ ነገር ብዬው ረስቼው ይሆናል እንጂ እሱ እንዲህ አይጨክንብኝም።»

ጭራሮ ሳህኑን እያነሳች ነበር። አንጀቷን በሏት። ሽማግሌው ያልበደሉትን በደል እንደጠፋ ቁልፍ ከየኪሳቸው ሲፈልጉ እሷ ቆማ ታያቸዋለች።

«አባባ» አለች።

«ወይ ልጄ።»

«...ውሃ ላምጣልዎ?»

ልትል የነበረው ሌላ ነው። ወደ ማጠቢያው ሄዳ ቧንቧውን እስከ መጨረሻ ከፈተችውና፣ ራሷን ጠልታ አለቀሰች።

በማግስቱ ኮምፓስን ከቢሮው በር ላይ ያዘችው። «ቲቸር፣ በወላጆች ቀን የሌላ ልጅ ጽሑፍ ቢነበብስ? ብዙ አሪፍ አሪፍ አለ።» የፈለገችው ሳይታወቅባት ማምለጥ ነበር። ኮምፓስ ግን ትሕትና መሰለው።

«አትሽኮርመሚ ባክሽ» አላት። «አያትሽንም ይዘሻቸው ነይ። እንዲህ ያለ ሽማግሌ በየቤቱ አይገኝም።»

የወላጆች ቀን ደረሰ። ጭራሮ ሆዴን አሞኛል ብላ ልትቀር ሞክራ ነበር፤ እናቷ ግን ግንባሯን ዳስሰው «ተነሺ፣ ፈተና ነው እንዴ?» አሏት። አዳራሹ መሃል ሞዴሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ሰዉ ከቦት ቤቱን በጣቱ ይፈልጋል። አያቷ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ለሠርግ ብቻ የሚወጣውን ኮታቸውን ለብሰው ከፊት ረድፍ ከእሷ ጎን ተቀመጡ። ስለ ጽሑፉ የሚያውቁት ማሸነፉን ብቻ ነው።

«ያቺን አጭር ታሪክ እንዴት ብታሳምሪያት ነው?» ብለው ጉንጯን ነካ አደረጉ።

ጭራሮ ወደ ኋላ ዞራ ስታይ ልብስ ሰፊው በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ድምቡሼ ከጎናቸው አለች። ወንበር ቢሰጣቸውም አልተቀመጡም።

ኮምፓስ ማይክራፎኑን ይዞ አነበበ። ጎበዝ አንባቢ ነው፤ «ለአንድ ከረጢት ጨው» የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰዉን ጸጥ አሰኘው። ጭራሮ አያቷን በጎን ዓይኗ ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው። መጀመሪያ ፈገግ ብለው ነበር። ቀጥሎ በደንብ ለመስማት መዳፋቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አደረጉ። ቀጥሎ እጃቸው ወረደ።

«ምንጭ፦ አያቴ» ብሎ ጨረሰ ኮምፓስ። «ይህን ታሪክ ያቆዩልን አባት ደግሞ እዚሁ አሉ። አባቴ፣ እስቲ ይነሱልን።»

ተጨበጨበ። ከታችኛው መንደር የመጡት ግን እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። አያቷ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ።

«ይቅርታ» አሉ ልብስ ሰፊው ከበሩ፤ ጭብጨባው ቆመ። «እኔ የመጣሁት ከራሱ አፍ ልሰማ ነው። አባቴን እንደዚያ ያልከው አንተ ነህ?»

አያቷ ወዳጃቸውን አዩ። ከዚያ ጭራሮን አዩ። ያዩዋት ለአፍታ ነው፤ የቀሩት ቅዳሜዎች፣ የተመለሰው ሰላምታ፣ ሁሉም እንደገባቸው ግን አወቀች። ቢጮሁባት በወደደች። ቢመቷት በወደደች።

«እኔ ነኝ» አሉ አያቷ። «አርጅቻለሁ ወንድሜ። ስነግራት ነገር ተምታቶብኝ ይሆናል። ልጅቷ የሰማችውን ነው የጻፈችው።»

«አባቴ ነው የተምታታብህ?» አሉ ልብስ ሰፊው። «እሺ» አሉና ኮፍያቸውን አጥልቀው ወደ በሩ ዞሩ።

አያቷ ተቀመጡ። ኮምፓስ ግራ ገብቶት ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ፣ ወደ መዝሙሩ እንለፍ» ማለት ጀመረ።

በዚሁ አለቀ ማለት ነው። ማንም አይጠይቃትም። ሆቴሉም ሊፍቱም የእሷ ነው። ሽማግሌው የዕድሜ ልክ ወዳጃቸውን በሰው ፊት ለቀው፣ እሷን አተረፏት። ከዚህ በላይ ሊሰጧት የሚችሉት ነገር የላቸውም፤ እሷም ልትቀበለው አልቻለችም።

ስትነሳ አያቷ የሹራቧን እጅጌ ያዙ።

«ተቀመጪ» አሏት በሹክሹክታ። «አልፏል። ልጅ ነሽ።»

«አላለፈም አባባ።»

ጣቶቻቸውን ቀስ ብላ ከእጅጌዋ አላቀቀችና በወንበሮቹ መሃል ወደ ኋላ ሄደች። ሰዉ ሁሉ አያት። ኮምፓስ ስሟን ጠራ፤ አልዞረችም። ድምቡሼ እያየቻት ነው፣ ፊቷ ላይ ግን ምንም አይነበብም። ልብስ ሰፊው የበሩን እጀታ ይዘዋል።

«ጋሽዬ» አለች ጭራሮ። «ጋሽዬ፣ አባባ እንደዚያ አላሉም። የጨዉን ሰውዬ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እሳቸው የነገሩኝ ስለ አባትዎ ነው፤ ሌላ ነው የነገሩኝ።»

ልብስ ሰፊው ባሉበት ቆሙ፤ ፊታቸውን ግን አላዞሩም። ዞረው ያዩዋት እንደሆነ፣ ወይ በሩን ከፍተው ይሄዱ እንደሆነ አታውቅም። ስለ ጉሙና ስለ ገደሉ፣ ድንጋይ ተሸክመው ዳገቱን ስለወጡት ሰዎች፣ አያቷ እንደነገሯት አድርጋ ለጀርባቸው መናገር ጀመረች።