ዛፍ ላይ የሚያድረው ዓሣ

የትምህርት ቤቱ መብራት ሠሪ ስምንተኛ ክፍልን እንኳ በወጉ አልጨረሰም፤ ወሬ ሲያጣፍጥ ግን ፕሮፌሰር ያስንቃል። ለዚህም ነው «ቅመሙ» የሚሉት። አንድ ቀን ሥራ ሲፈታ፣ ሲመሽ ዛፍ ላይ ወጥቶ ስለሚያድር ዓሣ ጽፎ፣ ፎቶ ቀጣጥሎ፣ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው።

ዛሬ ያ ዓሣ በፕሮጀክተር ብርሃን በር አክሎ የቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ተጋድሟል። መሰላል ላይ የቆመው ቅመሙ አምፖሉ ከእጁ ሊያመልጠው ነበር።

«ከኢንተርኔት ለተማሪ የምንወስደውን ሁሉ ሦስት ነገር እንጠይቀው» አለች የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ለሥልጠና ለተሰበሰቡት መምህራን። «ማን ጻፈው? ማስረጃው ምንድን ነው? ሌላስ ማን ይመሰክርለታል?»

ጣቷ የኮምፒውተሩን ቁልፎች ነካ ነካ አደረገ። የፎቶው ዓሣ ከአንድ ዓሣ ሻጭ ገጽ፣ ዛፉ ከአንድ ችግኝ ጣቢያ ገጽ የተለቀሙ ሆነው ተገኙ።

ቅመሙ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሰው ሁሉ ያመነውን ወሬ እንደ ሽንኩርት ላጠችው። ይህች ልጅ ብትፈልግ የነፋስን የትውልድ መንደር ታወጣለች፣ አለ በልቡ።

«ያላገኘሁት ጸሐፊውን ብቻ ነው» አለች።

ለጡረታ ዓመት የቀራቸው የባዮሎጂ መምህርት አንገታቸውን ደፉ። «እኔ እኮ አስተምሬዋለሁ። ፈተናም አውጥቼበታለሁ።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ።

ቅመሙ ዝም ቢል ማንም አይደርስበትም። ቢናገር በዚህች ልጅ ዓይን ውሸታም ሆኖ መቅረቱ ነው። የመምህርቷን አንገት አየና ከመሰላሉ ወረደ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ ቲቸር። አጠፋዋለሁ፤ ተማሪዎቹም ፊት ቀርቤ እናገራለሁ።»

«ነገ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ። አርፍድና ዋ» አሉ። አንገታቸው ግን ቀና ብሏል።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ልጅቷ ትክ ብላ አየችው።

«ሌላስ የዋሸኸው የለም?»

«አለ። በዚህ ወር ሰባት ጊዜ አምፖል ልቀይር መጥቻለሁ። አንዱም አልተቃጠለም ነበር። የመጣሁት አንቺን ለማየት ነው። እወድሻለሁ።»

ዓይኗን አልሰበረችም። «ማን እንዳለው አውቄያለሁ። ማስረጃው?»

«ከመሰላሉ መውረዴ።»

«ሌላስ ማን ይመሰክርልሃል?»

ቅመሙ፣ ወሬ አጥቶ የማያውቀው ሰው፣ ምስክር ፍለጋ ባዶዎቹን ወንበሮች አየ።

«እኔ» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። የባዮሎጂ መምህርቷ የረሱትን ቦርሳ ሊወስዱ ተመልሰው ነበር። «ወር ሙሉ አንቺ በገባሽበት ሁሉ መሰላል ተሸክሞ ሲከተልሽ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ልጄ። ዓሣውን ግን በዓይኔ ሳላይ ነው ያስተማርኩት።»

ልጅቷ ፕሮጀክተሩን አጠፋች። ከዚያ ሄዳ የመሰላሉን አንድ ጫፍ አነሳች።

«በዚያ በኩል ያዝ» አለችው።