የግራው ክንፍ

«የአስተማሪው አውሮፕላን ግራ ክንፍ የለውም» ይላል አጎቴ። የሱቁን በር ሲከፍት ይላል፣ ሻዩን ሲያማስል ይላል፣ ደንበኛ ሲነዘንዘው ወሬ ለማስቀየር ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስለኖርኩ እንደ ግድግዳ ሰዓት ድምፅ ጆሮዬ ለምዶት መስማት ትቷል።

አስተማሪው የበረራ አስተማሪ ነበሩ፤ ሞተዋል። አውሮፕላኑም ሰው የሚሳፈርበት አይደለም፤ ሳጥን ውስጥ በቁርጥራጭ የተቀመጠ፣ ቢገጣጠም አንድ ሙሉ ጠረጴዛ የሚሞላ ሞዴል ነው። ወሬው ከአጎቴ አፍ ወጣ፣ ሰው ደግሞ ቀጠለበት። አስተማሪው ክንፉን አውጥተው ለሌላ ሞዴል ተጠቀሙበት፣ ከዚያ ሳጥኑን እንደ አዲስ አሽገው ሰው ሊያታልሉ አስበው ነበር ተባለ። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አላየውም። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር አላምንም።

ሥራዬ ማየት ነዋ። ሱቃችን ትልልቅ የአውሮፕላን ሞዴሎችን ይሸጣል፣ ይገዛል። ሰው ከሟች ዘመዱ ቁምሳጥን ያገኘውን ሳጥን ተሸክሞ ይመጣል፤ እኔ ምን እንደሆነ እነግረዋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። አጎቴ መሸጥ እንጂ የሚሸጠውን አያውቅም። የአብራሪውን መስታወት ወደ ብርሃን አንስቼ ጭረት እፈልጋለሁ። ተለጣፊ ምልክቶቹ ቢጫ መሆን መጀመራቸውን አያለሁ። የቁርጥራጮቹን ጠርዝ በጥፍሬ እዳስሳለሁ፤ ቅርጽ ማውጫው ካረጀ ፕላስቲኩ በጠርዙ ሾልኮ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይንጠለጠላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ሕግ አለ፦ ያልተከፈተ ዋጋው ከተከፈተው ይበልጣል፤ የተከፈተውም በሙጫ ከተጣበቀው ይበልጣል።

ደንበኞቻችን «ሚዛን» ይሉኛል። ፊቴ ላይ ሲሆን በአክብሮት፣ ከኋላዬ ሲሆን እንደየቅያሜያቸው።

እሱ የመጣ ቀን ሳጥኑን በሁለት እጁ እንደተኛ ሕፃን አቅፎት ነበር፤ በሩ አላሳልፍ አለው።

«አግድመው» አልኩት።

«ሳጥኑን ነው በሩን?»

አልሳቅኩም። ልስቅ ግን ትንሽ ነበር የቀረኝ።

አጎቴ ሳጥኑን ሲያይ ሻዩን አስቀምጦ ወደ ጓዳ ገባ። ሰውየው ሳጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፈው። ወጣት ነው፤ እጅጌው ላይ ነጭ አቧራ አለ፤ ጣቶቹ ረጃጅምና ንጹሕ ናቸው።

«የአባቴ ነው» አለ። «ዋጋውን አልፈልግም። ሙሉ መሆኑን ብቻ ንገሪኝ፤ ሳትከፍቺው።»

«ሳልከፍተው?»

«እናቴ አደራ ብላኛለች።»

ነገሩን አስረዳኝ። አባቱ ያስተማሩበት የበረራ ትምህርት ቤት አውሮፕላኑን አስገጣጥሞ፣ ስማቸውን ከሥሩ ጽፎ አዳራሹ ውስጥ ሊሰቅለው ይፈልጋል። እናቱ ግን ወሬውን ቀብሩ ላይ ሳይቀር ሰምተውታል። «ጎደሎ ነገር በባሌ ስም አይሰቀልም» ብለዋል። ሙሉ ከሆነ ይከፈታል፤ ካልሆነ አልጋ ሥር ይኖራል።

«ነገ ና» አልኩት። «ከነገ ወዲያም ትመጣለህ። እንዲህ ያለ ሥራ አይቸኮልም።»

ሥራው ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም ነበር።

መጣ። ሳጥኑ የታሸገበትን ላስቲክ ስፌት አሳየሁት፦ ጠባብና ቀጥ ያለ፣ የፋብሪካ እጅ። ሳጥኑን ቀስ ብዬ አዘንብዬ ጆሮዬን ለጠፍኩበት። እሱም ከወዲያኛው በኩል ጆሮውን ለጠፈ። በመካከላችን ሳጥን ብቻ ነበር።

«ምን ይላል?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አንተ ስትተነፍስ አይሰማም።»

ትንፋሹን ያዘ። እኔም ሳላስበው ያዝኩ።

በሌላ ቀን ሥራውን ጠየቅኩት። ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ያ ነጭ አቧራ የጥርስ ነበር። ሲያወራ አፌን እያየ መሆኑን ነቃሁበት።

«ምን ታያለህ?»

«የላይኛው ጥርስሽ፣ አንዱ፣ ትንሽ ዞሯል።»

«ታዲያስ?»

«ማንንም እንዳታስነኪው። እኔም ብሠራው እንደዚያው አዙሬ ነበር የምሠራው።»

ስለ ዓይኔም ስለ ጸጉሬም ሲወራልኝ አድጌአለሁ። እንዲህ ያለ ሙገሳ ግን ሰምቼ አላውቅም። ወሬውን ወደ ሥራው መለስኩት፦ «የግራው ጥርስ ሲጠፋ ቅርጹን ከየት ታመጣዋለህ?»

«ከቀኙ። ቀኙን በመስታወት እያየሁ እቀርጻለሁ። መስታወት ውስጥ ቀኝ ግራ ይሆናል።»

የመጨረሻው ፈተና ክብደት ነበር። የሳጥኑ መንታ እኛው ሱቅ አለ፤ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ የሱቃችን ኩራት። አጎቴና አስተማሪው ወዳጆች ሳሉ አብረው የገዟቸው ናቸው፤ በዚያው ሰሞን ተቀያየሙ፣ እስከ ሞትም አልታረቁ። ከጎረቤት የእህል መደብር ባለ ሁለት ሰሃን ሚዛን ተዋስኩ።

«ያን አትንኪው» አለ አጎቴ።

«ልመዝነው እንጂ ልበላው አይደለም።»

«እንግዲያው ከነሽፋኑ።»

ከነሽፋኑ መዘንኩት፤ በወዲያኛው ሰሃን ላይም ተመሳሳይ ጨርቅ ጣል አደረግሁ። የሚዛኑ ምላስ ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘና መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አየህ?» አልኩት አጠገቤ የቆመውን ጥርስ ሠሪ። «ክንፍ ቢጎድል ኖሮ የአባትህ ሳጥን ወደ ላይ ይወጣ ነበር።»

«ሚዛን ሁሉን አይናገርም» አለ አጎቴ።

«ወሬስ ይናገራል?»

ወደ ጥርስ ሠሪው ዞርኩ። «ሙሉ ነው። በአንገቴ።»

«አንገትሽ ባለበት ይቆይ» አለኝ። «ቃልሽ ይበቃኛል።»

ሳጥኑ የተከፈተው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ በእናቱ ፊት ነበር። ላስቲኩን የቀደድኩት እኔ ነኝ፤ ማንም እንዲቀድመኝ አልፈለግኩም። የአውሮፕላኑን ቀፎ አወጣሁ፣ ጭራውን፣ ቀኝ ክንፉን። ቀጥሎ ሌላውን ክንፍ ሳነሳ ከሰው ሁሉ በፊት እጄ አወቀው። የጎማው ጉድጓድ ያለው በማይሆን በኩል ነው። ሁለቱም ቀኝ ናቸው። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሰው ከአንድ ክምር ሁለቴ አንስቷል።

«ገልብጣችሁ አትገጥሙትም?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ጎማው ወደ ሰማይ ያይብዎታል» አልኳቸው። ማንም አልሳቀም።

እናቱ ተነሡ። «ባሌ ሌባ እንዳልነበር አውቃለሁ፤ ያንን ከማንም መስማት አያስፈልገኝም» አሉ። «ጎደሎ ግን ጎደሎ ነው።» ክዳኑን በእጃቸው ዘጉት።

ልጃቸው ሳጥኑን ይዞ ሲሄድ በሩ አጠገብ ደረስኩበት።

«ሚዛኑ ትክክል ነበር» አልኩት።

«እኔ ሚዛኑን አላመንኩም» አለኝ። «አንቺን ነው ያመንኩት።»

ሳጥኑን አግድሞ በሩን ወጣ። ይቅርታ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ፤ አፌ ግን አያውቀውም።

ከዚያ በኋላ አልመጣም። ሱቁ በር ላይ ጥላ በወደቀ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ያ ሌላ ሰው የዚያን ዕለት ለሳጥኑ በጣም ዝቅ ያለ ግምት ይሰማል።

«ጥርስ ሠሪውስ?» አለ አጎቴ።

«ጥርስ ይሠራ ይሆናላ።»

«አንቺስ?»

አንድ ጠዋት ተነሥቼ ከክፍሌ ግድግዳ መስታወቴን ነቅዬ ወደ እናቱ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍተው መስታወቱንም እኔንም አዩን።

«ሳጥኑን ፈልጌ ነበር፣ እትዬ።»

«ምን ልታደርጊበት?»

«ግራ ክንፍ ላሠራለት።»

«ትችያለሽ?»

«አልችልም። ልጅዎ ይችላል። እኔ ሲሳሳት እነግረዋለሁ።»

«የተሠራ ክንፍ ያው ጎደሎ አይደለም?»

«እትዬ፣ ልጅዎ የሚሠራው ጥርስ ያኝካል ወይስ አያኝክም?»

አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ። ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ሲስቡ እንዲህ አሉኝ፦ «ሲሳሳት የሚነግረው ሰው ቢያገኝስ አልጠላም።»

የሱ መሥሪያ ክፍል ጠባብ ነው። ከመደርደሪያው ላይ የጄሶ መንጋጋዎች ተደርድረው ይገለፍጣሉ። ሰላምታ ሳልሰጥ መስታወቱን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ፤ ቀኝ ክንፉን ከፊቱ አቆምኩት። በመስታወቱ ውስጥ፣ ንጹሕና ሙሉ ሆኖ፣ ግራ ክንፍ ቆመ።

«ያው ግራህ» አልኩት።

መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ክንፉን አየ፤ ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ እኔን አየ። ፊት ለፊት ቢሆን ዓይኔን እሰብር ነበር። በመስታወት ግን መተያየት ይቀላል።

«ይቅርታ ልትጠይቂ ነው የመጣሽው?»

«ክንፍ እንድናወጣ ነው የመጣሁት።»

«ይቅርታውስ?»

«እሱም እንደ ክንፉ ነው። ቀስ ተብሎ ይሠራል።»

ተሠራም። እሱ ይቀርጻል፣ እኔ «ወፍራም ነው» እላለሁ። እሱ ይፍቃል፣ እኔ «አሁን ደግሞ አበዛኸው» እላለሁ። በክንፉ ቆዳ ላይ ያሉትን እንደ ጸጉር የቀጠኑ መስመሮች በመርፌ ሲጭር እጄን ከእጁ ሥር አድርጌ እደግፍለት ነበር፤ ድጋፍ እንደማያስፈልገው ሁለታችንም እናውቃለን። አፋችን ዝም ሲል መንጋጋዎቹ ይስቁብናል።

ሊያልቅ ሲል መርፌውን አስቀመጠ።

«ሳይከፈት የተቀመጠ ነገር ይበልጣል ብለሽ ነበር» አለኝ። «ሙጫ የነካው ይወርዳል ብለሻል። እኛስ?»

«እሱ ለሚሸጥ ነገር ነው» አልኩት። «እኔ የምሸጠው የለኝም። ሙጫውን አቀብለኝ።»

እሺ ያልኩት እንዲህ አድርጌ ነው።

አውሮፕላኑ አዳራሹ ውስጥ ተሰቀለ። እናቱ ከሥሩ ቆመው አንዴ ወደዚያ፣ አንዴ ወደዚህ እያዩ ብዙ ቆዩ።

«የተሠራው የትኛው ነው?»

እሱም ዝም፣ እኔም ዝም።

«እንግዲያው ሙሉ ነው» አሉ። እኛም ብዙ ሳንቆይ ተጋባን።

አጎቴ ሱቁ ሲሰለቸው ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። መጀመሪያ ያደረግኩት ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ኩራታችንን አውርጄ አቧራውን መጥረግ ነበር። ሽፋኑን ገለጥኩት። የላስቲኩ ስፌት ሰፊና ጠማማ ነው፤ ጫፉ ላይ የካውያ ቃጠሎ አለበት። በዚያ ሱቅ ስኖር ይህን ሳጥን በሥራ ዓይኔ አይቼው አላውቅም። ባሌን ጠርቼ ቀደድኩት።

ሁለት ክንፍ። ሁለቱም ግራ። የአባቱን ሳጥን የመዘንኩት በዚህ ነው።

አጎቴ ሻዩን ይዞ ከጓዳ ወጣ፤ አየን፤ ተቀመጠ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ከገዛሁት ቀን ጀምሮ። አስተማሪው ሳንወስዳቸው ከፍተን እንያቸው አለኝ፣ ምን ያንተ ጥርጣሬ ብዬ ተጣላሁት። ቤቴ ገብቼ ተደብቄ ከፈትኩት፤ የእኔ ሁለት ግራ ከሆነ የሱ ሁለት ቀኝ መሆኑ ገባኝ፣ መልሼ አሸግኩት። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልንገረው? የሌብነቱን ነገር ግን ሰው ነው የጨመረበት።»

«ለእኔስ?»

«ዕድሜ ልኬን ስነግርሽ ነበር እኮ። እንዴት አወቅህ ብለሽ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» ሻዩን አማሰለ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።»

ባሌ ከሁለቱ አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘው። የፋብሪካው ግራ ክንፍ ነው፤ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ መስመሩ ቀጭን፣ እንከን አይወጣለትም። የሚገባበት ቦታ ግን ተይዟል።