እስከ ኮሶው ዛፍ

«በሉ አንድ ላይ! አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!»

ድንጋዩ ተንገራገጨ። ፊልጶስ ድጅኖውን ከሥሩ ሰክቶ ተንጠለጠለበት፤ እስከዳርና ወርቅውሃ በትከሻቸው ገፉት። ድንጋዩ አንዴ ተገለበጠና ለጥ ያለ ጀርባውን ወደ ሰማይ ሰጥቶ ከጎረቤቱ ጋር ግጥም አለ።

«ነፍስ ነው!» አለ ፊልጶስ፣ የቀላ መዳፉን እያራገበ። «ጎንደር ቢሆን ይኼ የግሬደር ሥራ ነበር።»

«ግሬደር እንኳ እንደ አንተ በየድንጋዩ ፎቶ ልነሣ አይልም» አለች ወርቅውሃ። አብረዋቸው የሚሠሩት የላይ ሰፈር ልጆች በሙሉ ሳቁ፤ ፊልጶስም ሳቀና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወርደውን ይህን አሮጌ መንገድ ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። ግራና ቀኙ ካብ፣ መሬቱ ድንጋይ ንጣፍ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ጎርፍ ሸረሸረው፤ ቤት የሚሠራው ሰውም ድንጋዩን እየነቀለ ወሰደው። ታቦቱ እንኳ ለጥምቀት በእርሻ ዞሮ ነበር የሚሄደው። ዘንድሮ የመንደሩ ወጣቶች ደቦ ጠሩ። ወሬው ጎንደር ደርሶ የበጎ ፈቃድ ተማሪዎች በአንድ አውቶቡስ ተጭነው መጡ፤ ፊልጶስም ከእነሱ አንዱ ነው።

ደቦውን ያጋጋለው ግን ውድድሩ ነው። ላይ ሰፈር ከአስፋልቱ፣ ታች ሰፈር ከቤተ ክርስቲያኑ በር ይነሣሉ። መሐል ላይ ካለው ኮሶ ዛፍ ቀድሞ የደረሰው ወገን ለከተራ አውራጇን ይሰጣል። አውራጇ ታቦቱ ሲወርድ ከሚጨፍሩት ልጃገረዶች ፊት ሆና ዘፈኑን የምታወጣው ናት፤ ሌሎቹ ይቀበሏታል። አምና የታች ሰፈሯ ይመኙሽ አወጣች፤ ካቻምናም እሷው። እስከዳር ሁለቱንም ዓመት ከኋላ ሆና ተቀብላለች። ዘንድሮ ላይ ሰፈር የመረጠው እሷን ነው። ግጥሞቿን ውሃ ስትቀዳ፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ሳይቀር በሆዷ ስታወጣቸው ከርማለች።

«እናንተ ላይ ሰፈሮች!» የይመኙሽ ድምፅ ከታች እየጠራ መጣ። «ድንጋዩን እሹሩሩ ስትሉ ልትውሉ ነው?»

«አንቺ ጉሮሮሽን አሳርፊው! ዘንድሮ ተቀባይ ነሽ!» ስትል ወርቅውሃ መለሰችላት።

የደቦው አዛዥ አያ ላቀው ሁለቱን ወገን ለማየት ሲወጡ ሲወርዱ ነው የዋሉት። አሁንም ንጣፉን በዱላቸው ኳ ኳ እያደረጉ መጡ።

«ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው። ምነው ታዲያ ይችኛዋ ታነክሳለች? ጠጠር አጉርሷት።» ዱላቸውን ወደ ኋላ ቀሰሩ። «ቦዩስ?»

ቦዩ መንገዱን ከሥር አቋርጦ የሚያልፍ የድሮ መውረጃ ነው፤ የክረምቱ ውሃ ከተራራው ሲመጣ ንጣፉን ሳይነካ በእሱ ገብቶ ወደ ገደሉ ይወርዳል። የሞላውን ደለል ጠርጎ በሰፋፊ ድንጋይ መክደን ጠዋት ለወርቅውሃና ለአራት ልጆች የተሰጠ ሥራ ነበር።

«አልቋል አያ! እንዳሉን አድርገን ከድነነዋል» አለች ወርቅውሃ ፈጠን ብላ።

«ተባረኪ» አሉና ወደ ታች ሰፈር ወረዱ።

ኮሶው ቀረበ። የሁለቱም ወገን ሰዎች አሁን ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ሆታው ከሁለት በኩል ይጋጫል። ጠጠር ሲያልቅባቸው እስከዳር ባዶ ጆንያ ይዛ ወደ ላይ ሮጠች፤ ከካቡ ጀርባ ዘላ ወረደችና ቆመች።

ለቦዩ ክዳን ብላ ጠዋት ራሷ የመረጠቻቸው ሰፋፊ ድንጋዮች ካቡን ተደግፈው እንደቆሙ ናቸው።

ተመልሳ ወደ መንገዱ ወጣች። ቦዩ ያለበት ቦታ ያምራል፤ አንዱ ድንጋይ ከሌላው ጋር ተሳክቶ ገጥሟል። በእግሯ መታችው። ከሥሩ ባዶ ቦይ እንዳለው ድንጋይ አላስተጋባም።

«ወርቄ! ነይ እስኪ!»

ወርቅውሃ እያለከለከች ደረሰች። «ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ሊቀድሙን ነው እኮ!»

«ቦዩን በምን ከደንሽው?»

«በድንጋይ ነዋ።»

«በየትኛው ድንጋይ? ይኸው ከካቡ ጀርባ ናቸው።»

«ሌላ… ሌላ አገኘን።»

እስከዳር ንጣፉን በእግሯ ደግማ መታች። ወርቅውሃ ግንባሯን በክንዷ ጠረገች።

«እሺ! አልጠረግነውም። እላዩ ላይ አፈር ጨምረን ረገጥነውና አነጠፍንበት። ያን ሁሉ ደለል ስናወጣ ብንውል ታች ሰፈር ይኼኔ ኮሶው ሥር ተቀምጦ ይስቅብን ነበር። ደግሞ ለራሴ ብዬ ነው? አንቺ እንድታወጪ ብዬ ነው!»

«ለአያ ላቀው አልቋል አልሻቸው።»

«ጥር ነው እኮ እስኬ! ጠብታ ውሃ የለም። ከጥምቀት በኋላ እንሠራዋለን።»

«ከጥምቀት በኋላ ሰው ሁሉ ውቂያ ላይ ነው። እነፊልጶስም የሉም። ማን ይመጣል?»

«አንቺ ዝም ካልሽ ማን ያውቃል?»

ይህ እውነት ነበር። እስከዳር ወደ ታች አየች። ለሁለቱም ወገን የቀረው ጥቂት ድንጋይ ነው፤ ጠጠሩን ይዛ ከወረደች ላይ ሰፈር ይቀድማል። የመጀመሪያው ግጥሟ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቷል። ከነዜማው አለ። በነጭ ቀሚስ፣ ከሁሉም ፊት።

ከዚያ ወደ ተራራው ቀና አለች። ባለፈው ክረምት ውሃው የቦረቦረው መስመር ደርቆ፣ ጠጠሩን ይዞ፣ ቀጥ ብሎ እግሯ ሥር ይደርሳል። አባቷ በታመመበት ሐምሌ፣ ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች እዚችው ቦታ ላይ ቆመው ነበር። መንገዱ ስላላሳለፋቸው በእርሻ ሲዞሩ ዘገዩበት። ስለዚያ ቀን እነእስከዳር ቤት አይወራም።

«እስኬ!» ፊልጶስ ከታች ጮኸ። «ጠጠር! ጠጠር አምጡ፣ ልንበላቸው ነው!»

መቀነቷን አጠበቀች።

«ፊልጶስ! ድጅኖውን ይዘህ ና!»

«ወደ ላይ? አበድሽ እንዴ? ኮሶው በዚህ ነው!»

«ና ብዬሃለሁ!»

ድጅኖውን በትከሻው ይዞ ወጣ። የላይ ሰፈር ልጆችም ግራ እየተጋቡ ተከተሉት።

«ቦዩ አልተጠረገም» አለች እስከዳር። «ንጣፉን እናነሣዋለን።»

«አሁን?»

«አሁን።»

«ማነው ታዲያ አልቋል ያለው?» አለ አንዱ ከኋላ፣ በንዴት።

ወርቅውሃ መሬት መሬት አየች።

«ላይ ሰፈር ነው ያለው» አለች እስከዳር። «ላይ ሰፈር ያነሣዋል።»

ድጅኖውን ተቀብላ በሁለት ድንጋይ መካከል ሰካችው። ስትጫነው የተነሣው ድንጋይ ጫፉ ብቅ ሲል ሌላ እጅ ከጎኗ ገብቶ ያዘው። የወርቅውሃ ነበር። አብረው ገለበጡት።

አፈሩ በአካፋ፣ በጆንያ፣ በእጅ ይዛቅ ጀመር። ታች ሰፈር እልልታውን አቀለጠው፤ ኮሶው ጋ ደርሰዋል። የይመኙሽ ዘፈን ወጣ፣ ከበሮም ተከተለው። ከላይ ሰፈር ቀና ብሎ ያላየ አልነበረም፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ጉድጓዱ አጎነበሰ።

«ግድግዳው አለ!» አለ ፊልጶስ በድንገት። በደረቱ ተኝቶ እስከ ትከሻው ገብቷል። «የድሮው ካብ እንዳለ ነው! አንዱ ድንጋይ እንኳ አልወደቀም!»

«ውጣ እኔ ልየው!»

«ቆይ አንዴ፣ አትግፉኝ!»

ተጋፉበት። ወርቅውሃ ወደ ገደሉ በኩል ሮጣ ከዚያኛው አፍ ደለሉን በእንጨት ትወጋ ጀመር። እስከዳር ከዚህኛው አፍ ትዝቃለች፤ ክንዷ እስከ ብብቷ በአፈር ተለውሷል። አንድ ጓል ደለል ወደ ውስጥ ተናደና በቀጭኑ ብርሃን ገባ። በብርሃኑ ውስጥ የወርቅውሃ አንድ ዓይን ይታያል።

«አየሁሽ!» አለች ወርቅውሃ ከወዲያ። ድምፅዋ በቦዩ ውስጥ አልፎ ሲመጣ ወፍሮ ነበር።

እስከዳር ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ተነሥታ ካቡን ዘለለችና ከተደገፉት ድንጋዮች ትልቁን አቀፈች።

«ማን ይዞ ያግዘኛል?» አለች።