የመርጫው ጫፍ

«ነገ ጠዋት እኔና አንቺ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለች እናት፣ የምሳውን ሰሃን እየሰበሰበች። «ከተጋባችሁ ስንት ጊዜያችሁ! ቀልድ አይደለም እኮ፤ ማህፀንሽን ይዩሽ።»

ምራቷ አቀርቅራ «እሺ» አለች። ባልየው የመድኃኒት መርጫውን አንስቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

ታናሽ እህቱን ቤተሰቡ «ሬዲዮ» ነው የሚላት፤ ወሬ አፏ ውስጥ አያድርም። አንድ ወሬ ግን ከዓርብ ጀምሮ ለማንም ሳትናገር ይዛው ቆይታለች።

ዓርብ ዕለት የባዮሎጂ መምህሩ ስለ ሆርሞን ሲያስተምሩ ነበር። የወንድ ሆርሞን በደም ዞሮ ሴል ውስጥ ካለው ተቀባይ ጋር፣ ቁልፍ ከጓጉንቸር እንደሚገጥመው ይገጥማል። ያኔ ነው ድምፅ የሚጎረንነው፣ ጺም የሚበቅለው፣ ዘርም በደንብ የሚመረተው። «አንዳንድ የሰብል ኬሚካሎች ግን ጓጉንቸሩ ውስጥ ይሰካሉ» አሉ መምህሩ። «እነሱ አይከፍቱ፣ ለትክክለኛው ቁልፍ ቦታ አይለቁ።»

የኋላ ወንበር ወንዶች «ያንተ ጺም እምቢ ያለው ለካ ለዚህ ነው» እየተባባሉ ሲሳሳቁ፣ ሬዲዮ ወንድሟን አሰበች። የአትክልት እርሻ ላይ የተባይ መድኃኒት ረጪ ነው። ከትምህርት በኋላ መምህሩን ለብቻቸው ጠየቀቻቸው።

«ሳይመረመር መፍረድ አይቻልም» አሏት። «ልጅ የዘገየባቸው ግን ሁለቱም ናቸው መመርመር ያለባቸው።»

አሁን ከምሳ ተነስታ ጓሮ ስትደርስ ወንድሟ መርጫውን ፈታትቶ ተቀምጧል። ጫፉ ተደፍኖበታል። ረጪዎች ሲደፈንባቸው በአፍ እፍ ብለው ነው የሚከፍቱት፤ አፉን የሸፈነ ሰው ካለማ «ሙሽሪት» ብለው ሲያሾፉበት ይውላሉ። ወንድሟም ጫፉን ወደ ከንፈሩ አነሳ።

«ተው! አፍህን አታስጠጋው።»

«ምነው፣ ዛሬ ደግሞ የጤና ፕሮግራም ጀመርሽ?»

ሬዲዮ አልሳቀችም። ታናሽ እህት ለታላቅ ወንድሟ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ትናገር? በሃፍረት ፊቷ ጋለ፤ መሬት መሬቱን እያየች መምህሩ ያሉትን አንድ ሳታስቀር ነገረችው። «ካንተ ነው አላልኩም» ስትል ጨረሰች። «ላይሆንም ይችላል። ግን ያላንተ አትላካት። ጥፋቱ የሷ ብቻ መስሏት ነው የምትሄደው።»

ፊቱ ጠቆረ። በጥፊ የሚላት መስሏት አንገቷን ሰበረች።

«ይሄን ለማን አወራሽ?»

«ለማንም።»

«አንቺ ሬዲዮዋ?»

«እኔ።»

ወንድሟ ጫፉን ባልዲ ውስጥ ጣለው፣ እጁን በሳሙና ደጋግሞ ታጠበና ወደ ቤት ገባ። ድምፁ እስከ ጓሮ ተሰማ። «እማዬ፣ ነገ አንቺ አትድከሚ። ከሚስቴ ጋር የምሄደው እኔ ነኝ። እኔም እመረመራለሁ።»

የሰሃኑ ኳኳታ ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይታ እናት የጓሮውን በር ከፍታ ብቅ አለች።

«አንቺ ሬዲዮ፣ ልጄን ምን ብለሽው ነው?»

ነገሩ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ከእናቷ ትከሻ ወዲያ የወንድሟ ሚስት ቆማለች፤ ከምሳ ወዲህ ገና አሁን ቀና ብላለች።

«እሱ ይንገርሽ» አለች ሬዲዮ፤ ጫፉን በባዶ እጅ ላለመንካትም ጓንት ፍለጋ ወደ ዕቃ ቤት ገባች።