የተቆራረጠው መስመር

ሽማግሌው የሕንፃ ንድፍ ነዳፊ ከበረንዳው የብረት መደገፊያ ጋር ሦስት ፎቅ ወርደው ግቢው ሲሚንቶ ላይ ተዘርረዋል። ሬሳው ሳይነሳ፣ አብራቸው ስትነድፍ የኖረች ልጃቸው በካቴና ታሰረች።

«ማን አሰራት?» አለች መርማሪዋ ገና ስትደርስ።

«ኢንጂነሩ በዓይናቸው አይተዋል» አለ ፖሊሱ።

«አንድ ዓይን ይበቃሃል ማለት ነው!»

ኢንጂነሩ፣ አባትና ልጅ የሚሠሩበት የንድፍ ቢሮ ኃላፊ፣ ከፊት ለፊት ካለው ሕንፃ መስኮት ነው ያየው። «ትከሻ ለትከሻ ነበሩ። ገፋቻቸው።»

«ያዩትን ይሳሉልኝ» አለችው መርማሪዋ።

በሁለት ደቂቃ ሳለው። እጁ የሠለጠነ ነው፤ ፊርማውንም አሳርፎ ሰጣት።

ብረት በያጁ ግን ከጎን ካለው ወርክሾፑ ደጃፍ ሆኖ አይቷል። «ልጅቷማ በሩ ላይ ነበረች! ጋሼ ጫፉ ላይ መደገፊያውን ተደግፈው ነበር። አራት ብሎን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ዝሆን ቢደገፈው አይነቃነቅም!»

ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ ተናገረች፦ «አባዬ ኢንጂነሩን፣ የነደፍነው ሕንፃ ምሰሶው ቀጭን ነው፣ ሰው ይፈጃል፣ አልፈርምም አለው። የተጣሉት እነሱ ናቸው።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ መርማሪዋ ሁሉንም መንደፊያው ክፍል ሰበሰበች። ወረቀት ዘረጋች።

«ከፊት ሲያዩት የተነካካ፣ በጥልቀት ሊራራቅ ይችላል። የኢንጂነሩን እይታ ከፊት፣ የበያጁን ከጎን አስቀምጬ መስመሮቹን ወደ ታች ሳወርድ፣ ከላይ ሲታይ ይኸው፦ አባት ጫፍ ላይ፣ ልጅ በር ላይ። መካከላቸው ሦስት ሜትር። የዚች ልጅ ክንድ ሸንበቆ ነው እንዴ?»

«ከሩቅ ነው፤ ተሳስቼ ይሆናላ!» አለ ኢንጂነሩ።

«እሺ፣ በዚያ ተሳስተዋል። በዚህ ግን አልተሳሳቱም።» ጣቷን ኢንጂነሩ በሳለው ሥዕል ላይ፣ መደገፊያው ግድግዳውን የሚነካበት ቦታ ላይ አሳረፈች። በተቆራረጠ መስመር አራት ቀዳዳ ተስሏል፤ ብሎን ያላቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። «በእናንተ ሙያ የተሸፈነ ነገር እንዲህ ነው የሚሳለው። ሁለቱ ብሎኖች መፈታታቸውን እኛ ያየነው ዛሬ ጠዋት፣ በያጁ ቀዳዳዎቹን የሸፈነውን ብረት ሲያነሳ ነው። እርስዎ የሳሉት ትናንት! በብረት አሳልፎ የሚያይ ዓይን ከየት አመጡ?»

ኢንጂነሩ ሥዕሉን ወደ ራሱ ሳበ። «እጄ... ልማድ ሆኖበት...»

ካቴናው ከእጇ ወልቆ ኢንጂነሩ እጅ ላይ ሲገባ ልጅቷ አላለቀሰችም። ፊቱ ድረስ ቀረበች።

«ልማድ? አባዬ እኮ ነው ያስለመደህ! የማይታየውን ሳትስል ካለፍክ ሰው ትገድላለህ እያለ፣ ጣትህን በማስመሪያ እየመታ!»